የጥቅምት ሻምፒዮን

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ትዕግሥት ያላችሁ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት። ትዕግሥት የሌላችሁም አንብቡት፤ በተለይ የተጻፈው ለእናንተ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው እሑድ ማታ ነው። እዚሁ ደባርቅ፣ ኳስ የሚታይበት ቤት ውስጥ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ሲገባው ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን «ዘንድሮ የሚያቆመን የለም! አጥቂያችን በየጨዋታው እያገባ ነው፤ ዋንጫው አልቆለታል» ይላል። ሌላው ወገን «ኧረ ባክህ! ገና ጥቅምት ነው። እስቲ ጥር ይምጣና እናያለን» እያለ ይስቃል። የክለቡን ስም አልጠራም። ብጠራው ግማሾቻችሁ እዚህ ላይ ማንበብ ታቆማላችሁ።

እቤት እንደገባሁ፣ ክርክሩ ላይ የነበረ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ የታሪክ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱ። ይዘልቃል ወይስ አይዘልቅም?» አለኝ። ምን እንዳስቸኮለው ብጠይቀው፣ የቀን ሥራ እየሠራ ለኮሌጅ መመዝገቢያ ካጠራቀመው ብር ላይ ቲኬት ሊቆርጥበት መሆኑን ነገረኝ። ቤቲንግ ማለቱ ነው። ያን ሌሊት በሁለት መስመር ልመልስለት አልቻልኩም። መልሴ ይኸው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። 2011 ዓ.ም. ላይ ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ከተመለሰ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። አፄዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሊያነሡ ነው ተብሎ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ሰው ሁሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እኔና ጓደኞቼ ብር አዋጥተን በግ ገዛን። መቼ? ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት! በመጨረሻው ዕለት ፋሲል ሽሬ ላይ ማሸነፍ አልቻለም፤ ዋንጫውን መቐለ 70 እንደርታ ወሰደ። በጉ ግን ተገዝቷል። አርደን በላነው፤ ማንም ማንንም ሳያናግር። ያ ሁሉ ወር መሪዎቹን ሲያስጨንቅ የከረመ ቡድን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ሰው ሆኖ መቅረት ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ይኼን ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሊጉ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። 2013 ላይ ግን ፋሲል በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሣ። ያኔ በግ የገዛነው ከዋንጫው በኋላ ነው፤ ሰው ይማራል።

እዚያው 2013 ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር። 29 ግብ አገባ። ጌታነህ ከበደ 2009 ላይ በደደቢት ማሊያ ያስመዘገበውን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። በአንድ የውድድር ዘመን እንዲህ ያገባ ተጫዋች ሊጋችን አይቶ አያውቅም ነበር። ዋንጫውን ማን ወሰደ? ፋሲል። እንግዲህ «አጥቂያችን በየጨዋታው ያገባል» ማለትና «ዋንጫው የኛ ነው» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ የአንድ ሰው እግር ነው፤ ሌላው የሃያ ምናምን ሰው ዓመት ነው።

ጅማሬው አምሮ መቆየት ያልቻለም አይተናል። ጅማ አባ ጅፋር ከታችኛው ሊግ አድጎ በመጣበት በ2010 ዓ.ም. ወዲያውኑ ሻምፒዮን ሆነ። አስቡት፤ አዲስ ገቢ መጥቶ ነባሮቹን ሁሉ አስከትሎ ጨረሰ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት ወደ መቐለ ሄዶ እዚያም ዋንጫ አነሣ። አዎ፣ ያንኑ በጋችንን በዝምታ ያስበላንን ዋንጫ። ጅማ ግን እየወረደ እየወረደ፣ 2014 ላይ ከሊጉ ወረደ። በአራት ዓመት ውስጥ ከሻምፒዮንነት ወደ ታችኛው ሊግ!

ተቃራኒውም አለ። 2015 ላይ ኢትዮጵያ መድን አድጎ መጣ፤ አሰልጣኙ ያው ገብረመድህን ነው። በውድድሩ መጀመሪያ ሳምንታት ቅዱስ ጊዮርጊስ 7 ለ 1 አደረገው። ሰባት! ያን ቀን «መድን ይዘልቃል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ስቄ ነበር የማልፋችሁ። 2017 ላይ የሊጉ ሻምፒዮን ማን ሆነ? መድን። በ7 ለ 1 ማግሥት ፍርድ የሰጠ ሰው ዛሬ ምን ይላል?

ሌላም ነገር አለ። ከ2013 ወዲህ የኛ ሊግ እንደ ድሮው በየክለቡ ሜዳ አይደለም የሚካሄደው። ቡድኖቹ ሁሉ ወደተመረጡ ከተሞች እየሄዱ፣ አንድ ከተማ ላይ ለሳምንታት ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ከዚያ ጠቅልለው ወደ ሌላው ያልፋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ጨዋታዎች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ አየር ላይ የተደረጉ ሊሆኑ ይችላሉ። በቀዝቃዛ ከተማ ሲሮጥ የነበረ ቡድን ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ያው ቡድን ነው ወይ? ይኼን የጥቅምት የደረጃ ሰንጠረዥ አይነግረንም።

አሁን ደግሞ እሑድ እሑድ ወደምታዩት ወደ እንግሊዝ ሊግ እንሂድ፤ እዚያ ቁጥሩ በደንብ ተመዝግቦ ይገኛል። በፈረንጆቹ 2008/09 ሃል ሲቲ የሚባል አዲስ ገቢ ቡድን ነበር። በመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች 20 ነጥብ ሰበሰበ። አርሴናልን በገዛ ሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ (የአርሴናል ደጋፊዎች ይቅርታ፣ ታሪክ ነው)። ከመሪዎቹ እኩል ነጥብ ይዞ ጋዜጣው ሁሉ ስለሱ ይጽፍ ነበር። በቀሩት 29 ጨዋታዎች ስንት ነጥብ አገኘ? 15 ብቻ። በ35 ነጥብ 17ኛ ሆኖ፣ በአንድ ነጥብ ብልጫ ከመውረድ ተረፈ።

«እሱ ትንሽ ቡድን ነው» ካላችሁኝ ትልቁን ላምጣ። በ2022/23 ኧርሊንግ ሃላንድ በመጀመሪያዎቹ 5 የሊግ ጨዋታዎች 9 ግብ አገባ። ማባዛት የሚችል ሁሉ ማባዛት ጀመረ። በዚህ ፍጥነት በ38 ጨዋታ 68 ግብ ይሆናል። በመጨረሻ ያገባው 36 ነው። ይኼም የፕሪሚየር ሊጉ ክብረ ወሰን ሆነ! አያችሁ? በታሪክ ከሁሉም በላይ ያገባው ሰው፣ «ዘለቀ» የምንለው ሰው ራሱ፣ ከጅማሬው ፍጥነት ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። በዚያው ዓመት አርሴናል ለ248 ቀናት ሊጉን መርቶ ዋንጫውን ማንቸስተር ሲቲ ወሰደው። የእሑዱ ክርክር ያን ዓመት እዚህ ቤት ውስጥ ቃል በቃል ተደርጓል፤ ምስክሮቹ እናንተው ናችሁ።

ይኼ ለምን ይሆናል? አስማት አይደለም፤ ቀላል ሒሳብ ነው። ክፍሌ ውስጥ 64 ተማሪ አለ እንበል። እያንዳንዱ ሳንቲም አምስት አምስት ጊዜ ይወርውር። አምስቱንም ጊዜ ዘውድ የሚወጣለት ከ32 አንድ ነው፤ ስለዚህ ከክፍሉ ሁለት ያህል ልጆች አምስት ለአምስት ያመጣሉ ብለን እንጠብቃለን። እነዚያ ሁለቱ ኮራ ኮራ ይላሉ፣ የሳንቲም አወራወር ችሎታ ያላቸው ይመስላቸዋል። ስድስተኛው ላይ ግን ጎፈር የመውጣት ዕድሉ ያው ግማሽ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 ያሳተመው ጥናት ስለዚህ ነገር ነው። በጣም ረጃጅም ወላጆች ልጆቻቸውም ረጃጅሞች ናቸው፤ ነገር ግን ባብዛኛው ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ አማካዩ ይጠጋሉ። ኳስም እንዲሁ ነው። በአምስት ጨዋታ ውስጥ ችሎታም አለ፣ የሳንቲሙም ድርሻ አለ። ጨዋታ ሲበዛ የሳንቲሙ ድርሻ እየቀለለ ይሄዳል፤ የሚቀረው ችሎታ ነው።

እስካሁን ስለ ክለብ ነው ያወራሁት። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ግን ስለ ሀገር ሳላወራ ብጨርስ ያመኛል። ስለ «ጥቅምት ሻምፒዮን» ሲነሣ እኔ ቀድሜ የማስበው ራሳችንን ነው፤ ኢትዮጵያን።

የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 (በፈረንጅ) ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዷ እኛ ነን። በመጀመሪያው ውድድር የተጫወቱት ሦስት ሀገሮች ብቻ ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ። ደቡብ አፍሪካ በዘረኛ ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ ውጭ ስትሆን እኛ ሳንጫወት ለፍጻሜ ደረስን። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በ1959 ካይሮ ላይ እንደገና በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ደምሩት፤ ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ግብ ገብቶብን፣ እኛ ዜሮ። የመጀመሪያ ጨዋታ ፍርድ ቢሆን ኖሮ ኢትዮጵያ ኳስ አትችልም ተብሎ ፋይሉ ይዘጋ ነበር።

ከዚያ ጥር 1954 ዓ.ም. መጣ። ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ፣ በአራት ቡድኖች መካከል ተደረገ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ጥር 13 ቀን በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራችን፤ ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን። በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ለሉቻኖ ሰጡት። በሁለት ጨዋታ ስምንት ግብ! በዚያች ሌሊት አንድ ሰው ተነሥቶ «ይኼ ነገር አይዘልቅም» ቢል ማን ያዳምጠዋል?

ግን አልዘለቀም። ኅዳር 1956 ጋና ላይ አራተኛ ሆንን። ጥር 1960 እዚሁ አስተናግደን እንደገና አራተኛ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ በተሳተፍንባቸው የአፍሪካ ዋንጫዎች አንድም ጊዜ ከምድብ አላለፍንም። ከ1974 በኋላማ ለ31 ዓመት ጭራሽ ሳንገባ ቀረን።

ምን ተፈጠረ? ልጆቹ ሰነፉ? አይደለም። ውድድሩ አደገ። በፈረንጆቹ 1960 ብቻ 17 የአፍሪካ ሀገሮች ነፃ ወጡ። እኛ አራት ሆነን ስንጫወት ከሜዳው ውጭ የነበሩት ጋና፣ አይቮሪኮስት፣ ኮንጎ እየገቡ መጡ። ጋና በመጀመሪያ ተሳትፎዋ ዋንጫ ወሰደች፤ በሚቀጥለውም ደገመችው። እኛ የሊጉ መጀመሪያ ሳምንት ላይ፣ ተጋጣሚ ሳይበዛ፣ በሜዳችን ቀድመን ነጥብ የሰበሰብን ቡድን ነበርን። ነጥቡ የኛ ነው፤ ላባችንም እውነት ነው፤ 1954ን ማንም አይወስድብንም። ነገር ግን ያንን ድል ሌሎቹ በሚሮጡበት ፍጥነት ለማስቀጠል የሚያስፈልገውን ሜዳ፣ የታዳጊ ቡድን፣ አሰልጣኝ አላዘጋጀንም። የሚያሳዝነው፣ አህጉሩን ያሳደገው ሰው የኛው ይድነቃቸው ነው፤ ከ1964 ጀምሮ ሕይወቱ እስካለፈበት እስከ 1979 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። ቤቱን ሠርተን ሰጠን፤ እኛ ከበረንዳው ቀረን።

አሁን አንድ ቀን ላስታውሳችሁ። ጥር 13 ቀን 2005። ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን! ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተን፣ በሰውነት ቢሻው እየተመራን ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ተጋጠምን። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ በአሥር ሰው ቀረን፤ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ያኔ ወጣት ነበርኩ። መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው አቅፌ እንደጮህኩ አስታውሳለሁ። «ከሻምፒዮኑ ጋር እኩል ወጣን፤ እንግዲህ ማን ያቆመናል?» አልን።

በአራተኛው ቀን ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ከዚያ ናይጄሪያ 2 ለ 0። ወደ ቤት ተመለስን። አሁን ከብዙ ዓመት በኋላ ተረጋግቼ ሳየው ነገሩ ግልጽ ነው። ያ የፈራነው የዛምቢያ ስም ያለፈው ዓመት ስም ነበር፤ ዛምቢያ በዚያ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጥታ ከምድቡ ወደቀች። ማንም ብዙ ያልጠረጠራት ቡርኪናፋሶ ግን ለፍጻሜ ደረሰች፤ ዋንጫውን ናይጄሪያ በላች። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ማንን እንዳሸነፍክ የምታውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ደግሞም 4 ለ 0 ራሱ የመጨረሻ ፍርድ አልነበረም። ያው ቡድን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ለዓለም ዋንጫ አንድ በር ብቻ ቀርቶት ነበር። በሩ ላይ የቆመችው ያችው ናይጄሪያ ሆነችብን እንጂ።

እሺ፣ ታዲያ የሚዘልቀውንና የማይዘልቀውን በምን እንለያለን? ይኼን ያስተማሩኝ ተንታኞች አይደሉም፤ የቡይት ራስ ገበሬ ናቸው። አያ እያልን የምንጠራቸው፣ ገብስ የሚያርሱ ትልቅ ሰው። ባንድ ወቅት ሰኔ ላይ ዝናቡ ጥሩ ሲጀምር «ዘንድሮ ጥጋብ ነው አያ!» ብላቸው ወደ ማሳው አይተው «ልጄ፣ ሰኔ እኮ የሁሉም ነው። መስከረም ውርጩ ሳይመታው ይለፍና ያኔ ጠይቀኝ። አሁን የምትጠይቀኝ ከሆነማ ስለ ዝናቡ ሳይሆን ስለ ጎተራው ጠይቀኝ» አሉኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚያርስ ሰው ውርጭ ተረት አይደለም። ጎተራው ውስጥ ያለው ስንቅ ነው ክፉውን ወር የሚያሻግረው።

ስንቅ ስል የማስታውሳት አንዲት ተማሪ አለችኝ። ከሩቅ ገጠር መጥታ ደባርቅ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው መንፈቅ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። እኔም በየክፍሉ እየዞርኩ «እንደሷ ሁኑ» አልኩ። በሁለተኛው መንፈቅ ወረደች። ከሃያ በታች። እኔ ሞኙ «ኩራት ገደላት» ብዬ በተማሪ ፊት ተናገርኩ። በኋላ ነው የሰማሁት። በየሳምንቱ ከቤቷ የሚመጣላት ስንቅ ቆሞ ነበር። እንጀራ የለም፤ ቀን ትማራለች፣ ማታ ሰው ቤት ትሠራለች። አንደኛ ያስወጣት ጭንቅላቷ ነው፤ ወደ ኋላ የጎተታት ስንቅ ማጣት ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት። ዛሬ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ስታየኝ ትስቃለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ከመጀመሪያው ውጤቷ ተነሥቼ አወደስኳት፤ ከሁለተኛው ተነሥቼ ፈረድኩባት፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎተራዋን አልጠየቅኩም።

ቡድንም እንዲሁ ነው። ጥቅምት ላይ የደረጃ ሰንጠረዡን ከማየት በፊት እኒህን ጠይቁ። አጥቂው ቢጎዳ ማን ያገባል? ተከላካዩ በካርድ ሲቀጣ ማን ይገባል? ግቦቹ ከተለያየ ሰውና ከተለያየ መንገድ ነው የሚመጡት ወይስ ከአንድ እግርና ከፍጹም ቅጣት ምት? እስካሁን የገጠሙት እነማንን ነው? ደመወዝ በጊዜው ይከፈላል? አሰልጣኙ ይቆያል? ጅማ ስንቁ አሰልጣኙ ነበር፤ ሄደ። በ2015/16 ሌስተር ሲቲ ይወርዳል ሲባል ዘልቆ ሻምፒዮን የሆነው፣ አንዱ ምክንያት እሱ የአውሮፓ ውድድር ስላልነበረበት ነው፤ ተቀናቃኞቹ በሳምንት አጋማሽ ሲደክሙ እሱ ያርፍ ነበር። መንገዱ አጭር ስለሆነ ስንቁ በቃው። በሚቀጥለው ዓመት መንገዱ ሲረዝም አሰልጣኙን የካቲት ላይ አባረሩ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ለጥያቄህ መልሴ ይኸው። ይዘልቃል ወይስ አይዘልቅም? አላውቅም፤ አንተም አታውቅም፤ ቤቲንግ ቤቱም አያውቅም። ልዩነቱ፣ እሱ አለማወቁን አስልቶ ነው በሩን የከፈተው። ዘለቀም አልዘለቀ የሱ ጎተራ አይጎድልም። አምስት ጨዋታ ማሸነፍ ደስ ይበልህ፤ ጨፍርበት፤ ማሊያህን ልበስ። ጅማሬን መደሰት ኃጢአት አይደለም፤ ያለ 1954 ደስታ ኢትዮጵያዊ ምን ያወራል? ነገር ግን ደስታን ማስያዣ አታድርገው።

ያ የመመዝገቢያ ብር የቡድኑ አይደለም፤ የአንተ ስንቅ ነው። የአንተ ሊግ ገና ጥቅምት ላይ ነው።

እሑድ እዚያው ቤት እጠብቅሃለሁ፤ መግቢያውን እኔ እከፍላለሁ። ከምዝገባ በኋላ ደረሰኙን ይዘህ ና።